የመዳብ ቱቦ

ሠራተኛ ሰፈር፣ ዳገቱ ሲጋመስ፣
ወርቅ አንጥረኛው አልፎ፣ ጫማ ሰፊው ሳይደርስ፣
ጠባብ በር ነበረች፣ ከላይዋ ቆርቆሮ፣
«ሞተር ይጠቀለላል» ይላል ዝናብ የላሰው ቀለም፣
ግማሹ ተሰውሮ።

መጀመሪያ የሄድኩ ለት፣ ቆሜ ከበሩ፣
«ሴት ለዚህ ሥራ?» አለኝ ጋሽ ድንበሩ።
«ሂጂ፣ ሱቅ ተቀጠሪ፤ ኮረንቲ ቀልድ አያውቅም፣
እኔም አላውቅም።»
በማግስቱ ሄድኩኝ፣ አባረረኝ።
በሠልስቱም እንደዚያው።
በአራተኛው ቀን አንድ የወፍጮ ሞተር ፊቴ ዘረገፈ፣
ሽቦው ከሰል መስሎ፣ ሽታው ጉሮሮ ይዞ።
«ቁጠሪ» አለኝ፤ «ዙሩን አንድ በአንድ።
አንዲት ከሳትሽ፣ ያውልሽ መንገድ።»
ስድሳ ሁለት ነበር። ሰባት ጊዜ ቆጠርኩ።

ስድስት ዓመት ጠቀለልኩ።
መዳቡ ጣቴን በላው፣ ጣቴም መዳቡን ለመደ፤
ቀኑ በቫርኒሽ ጭስ፣ በፒንሳ ድምፅ ነጎደ።
ማታ ማታ ደግሞ አራት ኪሎ፣ የማታው ክፍል፣
እንቅልፍ ከተጫነው ከሠራተኛ መሐል፣
ቲቸር ምንታምር በጠመኔ ስትስል፦
ፕላስ ፕላስን ሲሸሽ፣ ማይነስም ማይነስን፣
ተቃራኒው ብቻ ሲፈላለግ።
«ማግኔት ብትሰብሩ» አለች፣ «ሁለት፣ አራት፣ ስምንት፣
ሰሜኑን ለብቻው የያዘ ስባሪ አታገኙም፤
ትንሿም ፍንካች ሁለት ዋልታ ናት።»
«እንደ ሰው!» አለ ከኋላ ባንጫምላክ፣ የታክሲው ረዳት።
ክፍሉ ሳቀ።
እኔ ጋሽ ድንበሩን አሰብኩ።

አንድ ማታ መብራት ሄደ።
«ተመስገን» ብለን ደብተር ስናጥፍ፣
ከቦርሳዋ የመዳብ ቱቦ አወጣች፣ ክንድ የሚያህል።
«መዳብ በማግኔት ይሳባል?»
«አይሳብም!» አልኩ ከሁሉ ቀድሜ፤ እንጀራዬ ነዋ።
በስልክ ብርሃን ጠጠር ጣለችበት፤
ቷ! ብሎ ወደቀ።
ማግኔት ጣለችበት፤
ጠበቅን።
ከቱቦው ሥር የዘረጋሁት መዳፌ
ባዶውን ቆየ፣ ባዶውን ቆየ፣
ሳይነካው የያዘው፣ ሳይስበው ያዘገየው ምን እንደሆን
ማንም አላየ።
በኋላ፣ ደረጃ እንደሚወርድ ሽማግሌ
መጣና እጄ ላይ አረፈ፣ ቀዝቃዛ።

«መዳብ ለውጥ አይወድም» አለች በጨለማው።
«ማግኔት ሲቀርበው ውስጡ ጅረት ይነሣል፣
አትምጣ ብሎ ይገፋል።
ሲርቀው ያው ጅረት ፊቱን ያዞራል፣
አትሂድ ብሎ ይስባል።
ዝም ብሎ ከቆመ ግን፣ ምንም።»
ደብተሬ ላይ አልጻፍኩትም።

ቆቃ፣ ከግድቡ ሥር፣ ሥራ አገኘሁ፤
ጥቅሉ ቤት የሚያህል ጄኔሬተር ዘንድ።
ለጋሽ ድንበሩ ነገርኩት፤ ቀና አላለም።
«ሂጂ።»
ያኔም ያለኝ ይኼንኑ ነበር።
ሰኞ ግን፦ «ይቺን የውሃ ፓምፕ ጨርሰሽ።»
ረቡዕ፦ «ደንበኛው ካንቺ በቀር አላስነካም አለ።»
(ደንበኛው ስሜን አያውቅም።)
ዓርብ ካካቢቴው ጠፋ፣ ቴስተሩ ጠፋ፣
ግንባሩ ላይ ያለው መነጽር ጠፋ፤
«እስኪገኝ እንኳ...»
አልጨረሰውም።

ቅዳሜ በቸርችል ጎዳና ወደ ለገሃር ወረድኩ።
ቁልቁለት ነው፣ ሻንጣም ይገፋል፣
እግሬ ግን እየዘገየ፣ እየዘገየ፣
ማንም ሳይነካኝ፣ ማንም ሳይጠራኝ።
ሚኒባሱ ውስጥ ለሳንቲም ኪሴን ስዳብስ
ጥቅል ሽቦ አገኘሁ፣ አዲስ፣ ቀይ፣
ጫፉ በጥርስ የታጠፈ፣ እንደ ልማዱ።
እስከ ቃሊቲ ድረስ ዙሩን ቆጠርኩት።
ስድሳ ሦስት።

ጋሽ ድንበሩ ቆጠራ አይስትም።